ብቻ የማይገባበት ዋሻ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምሠራበት ፎቶ ቤት ከኋላ መስኮት የሌለው ክፍል ነበረው፤ የእኔ ቦታ እዚያ ነበር። ደንበኞች የሚያመጡት የስላይድ ፊልም ታጥቦ ሲደርቅ እያንዳንዱን ምስል ቆርጬ ካርቶን ክፈፍ ውስጥ አስገባለሁ፤ ከዚያ ከሥሩ መብራት በበራለት ነጭ መስታወት ላይ ደርድሬ አቧራ ወይም ጭረት እንዳለበት በአጉሊ መነጽር እመረምራለሁ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጥሎት የሄደውን መመሪያ እያነበብኩ፣ የሚበላሸውንም እያበላሸሁ ለመድኩት። የሰው ሠርግ፣ የሰው ውሻ፣ የሰው የባሕር ዳር ዕረፍት ቀኑን ሙሉ በእጄ ያልፋል። እኔ የማየው ግን አቧራውን እንጂ ምስሉን አልነበረም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አንድ ምስል አስቆመኝ። በደን የተሸፈነ ተራራ ነው። ከግርጌው ጥቁር አፍ ተከፍቷል፤ ከአፉ ውስጥ ወንዝ ይወጣል። ምንጭ አይደለም፤ ሙሉ ወንዝ ነው፣ ቀለሙ ከአረንጓዴም ከሰማያዊም ያልሆነ። ከዋሻው አፍ ሥር ቀጭን ነጭ ጭረት ያየሁ መሰለኝና ፊልሙን የቧጨርኩት እኔ እንዳልሆን ብዬ አጉሊ መነጽሩን አስጠጋሁ። ጭረት አልነበረም። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነበር። የዋሻው ትልቅነት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

የፊልሙ ባለቤት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት መምህርት ነበሩ። ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረው ፊት ለፊት የሚቆመው ሠራተኛ ነው፤ እኔ አልወጣም። የዚያን ቀን ግን ፖስታውን ራሴ ይዤ ወጣሁና ቦታው የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ደስ አላቸው። ቤሊዝ ነው አሉኝ፣ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ የሆነ ትንሽ አገር። ጎብኚው ሁሉ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል፤ ቶሌዶ ወደሚባለው የደቡብ ጫፍ ግን መንገዱ ስለሚያስመርር የሚወርድ የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ጫካ ውስጥ ኬክቺ የሚባሉ የማያ ሕዝቦች ይኖራሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሱት ሰው እሳቸውን ያስተናገዷቸው ገበሬ ናቸው። ከዋሻው ውስጥ፣ ብርሃን ከሚያልቅበት ወዲያ፣ የጥንት ሰዎች ያኖሯቸው ማሰሮዎች እንደተቀመጡ እንዳሉ ገበሬው ነግረዋቸዋል። መምህርቷ ግን በዝናብ ወራት ስለሄዱ ውኃው አላስገባቸውም። ሁለተኛ እንዳይሄዱ ደግሞ ጉልበታቸው ታሟል። የገበሬው ቤት ከወንዙ ዳር የመጨረሻው እንደሆነና መንደሩ ስደርስ እሳቸው እንደላኩኝ እንድናገር ነገሩኝ። እሄዳለሁ አላልኳቸውም። እሳቸው ግን እንደምሄድ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

በበረዶው ወራት ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤቴ አቅራቢያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ስለ ማያ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። ቁጥራቸውን ተማርኩ፤ ነጥብ አንድ ናት፣ አግድም መስመር አምስት ነው፣ ባዶ ደግሞ በዛጎል ይሣላል። ከዚያ የዓመት አቆጣጠራቸው ላይ ደረስኩ። ዓመታቸው የየሃያ ቀን ወራት አሉት፤ ወሮቹ ካለቁ በኋላ ከየትኛውም ወር የማይገቡ አምስት ቀኖች ይተርፋሉ። አንገቴን ከመጽሐፉ ቀና አደረግሁ። ጳጉሜ የእኛ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ከእኛ ጋር ወሬ እንኳ ተለዋውጦ የማያውቅ ሕዝብ፣ በውቅያኖስ ማዶ፣ በጫካ መካከል ሆኖ ፀሐይን ሲቆጥር ኖሮ እሱም አምስት ቀን ተረፈው። መሄዴን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማሰሮዎቹን ማየት ፈለግሁ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አፓርትመንቱን የምንጋራው ታክሲ ከሚነዱ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰው ጋር ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስነግራቸው እግራቸውን ከሞቀ ውኃ ውስጥ ሳያወጡ አዳመጡኝና ሰው ቫኬሽን ሲያገኝ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዘመድ ይጠይቃል እንጂ ጫካ ገብቶ ጉድጓድ አያይም አሉኝ። ጉድጓድ ሳይሆን ዋሻ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«ዋሻ ከሆነ የምትፈልገው ቤዝመንታችን አለልህ» አሉ። «መብራቱም ተቃጥሏል። ማኔጅመንቱን ስንት ጊዜ ኮል አደረግኩ።»

ከሄድኩ ግን ወደ ኤርፖርት እሳቸው እንደሚያደርሱኝ ተናገሩ፤ ሚያዝያ ላይም አደረሱኝ። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እባብን ጠቀሱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወባን።

ከማያሚ ቤሊዝ ሲቲ በረርኩ። ከዚያ በቀይ አቧራ ላይ በአሮጌ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ተጓዝኩ። ፑንታ ጎርዳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አደርኩና ጠዋት ከገበያ ወደ መንደሩ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ፣ በዱቄት ጆንያና በሁለት አሳማዎች መካከል ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። አንዱ ዛፍ በሌላው ላይ ይወጣል፤ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ተክል በቅሏል፤ በዚያ ተክል ቅጠል ላይ ውኃ ቋጥሯል፤ በውኃው ውስጥ ከጥፍሬ የምታንስ እንቁራሪት ተቀምጣለች። ይህን ያየሁት መኪናው ጭቃ ይዞት ሲቆም ነው። እጄን የሚያህል ቢራቢሮ በአጠገባችን አለፈ። ሲበር እንደ ጋዝ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ ሲያርፍና ክንፉን ሲያጥፍ ግን ቡናማ ቅጠል ይሆናል፣ ሰማያዊው የለም። አራት ጊዜ ያህል ሲያርፍና ሲነሣ ተመለከትኩት። ከጫካው ውስጥ የአንበሳ ግሣት የመሰለ ድምፅ ሲመጣ ደነገጥኩ፤ አሳማ የያዘችው ሴት ሣቀችብኝና ወደ ላይ አሳየችኝ። ከአንድ ዛፍ አናት ላይ ከውሻ የማይበልጥ ጥቁር ጦጣ ተቀምጦ ነበር የሚያገሣው።

ገበሬውን ከመጨረሻው ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ተምረዋል። መምህርቷ እንደላኩኝ ስናገር ስለ ጉልበታቸው ጠየቁኝ። ቤቱ ግድግዳው ሳንቃ፣ ክዳኑ የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በጭስ ጠቁሮ ያበራል። ባለቤታቸው የዶሮ ወጥ የመሰለ ነገር በቅል አድርገው፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው አቀረቡልኝ። ከፑንታ ጎርዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» አልኩ።

እንዲህ ያልኩት እንዴት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ ሲባል በልቻለሁ ይላል፤ ሁለተኛ ሲባል እውነቴን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ባለቤቷ በሞቴ ትላለች፣ ያን ጊዜ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቅሉን አነሡ፣ ወጡን መልሰው ድስቱ ውስጥ ገለበጡት። በዓይኔ ተከተልኩት። ማታ ከምሰሶ ላይ በተንጠለጠለው የመረብ አልጋ ላይ ተጋድሜ ከሻንጣዬ ብስኩት አውጥቼ፣ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ እየተጠነቀቅሁ በላሁ።

ከእራታቸው በኋላ ገበሬው እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ዋሻውን ለማየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ እሳቸው ሊገቡ እንዳሰቡ ነገሩኝ። ዘር መሬት ከመግባቱ በፊት ወደ ዋሻው ተገብቶ ተራራው ይለመናል፤ መሬቱ የእሱ ነውና በእንጨት ሊወጉት ስለሆነ ይቅርታ ይጠየቃል። አብሯቸው ይገባ የነበረው ልጃቸው ዘንድሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ብርቱካን እርሻ፣ ለሥራ ሄዷል።

«ከእኔ ጋር ትገባለህ?» አሉኝ።

የበረዶውን ወራት ሙሉ ስለዚያ ዋሻ ሳስብ ነበር የከረምኩት። አፌ ግን ቀደመኝ። «አይ፣ አይ፣ በእኔ ምክንያት አይቸገሩ» አልኩ።

በእሳቱ ላይ አሻግረው ትንሽ አዩኝ። «እሺ» አሉ። ሁለተኛ እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ሌሎች ሰዎች ዘርተው እንደጨረሱ አወሩ፤ ከዚያ ተነሥተው ተኙ።

ጠዋትም ቁርስ ሲቀርብልኝ ያው ነገር ከአፌ ወጣ። እንዳይወጣ አስቤበት ነበር። ባዶ ሆዴን ይዤ ወደ ዋሻው ብቻዬን ሄድኩ፤ ከመንደሩ ሩቅ አይደለም፣ ወንዙን ሽቅብ መከተል ነው። ፊት ለፊቱ ደርሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶግራፉ ውስጥ ያልነበረው ብርዱና ድምፁ ነው። ከአፉ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ሙቀት መካከል ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ድምፁ ደግሞ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሰዎች በትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው እንደሚነጋገሩ ይመስል ነበር። ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያሉትን ጠጠሮች በየቀለማቸው መለየት ይቻላል። ከወዲያ በኩል ጉንዳኖች ቁራጭ ቅጠል ተሸክመው በመስመር ይጓዛሉ፤ ከሩቅ ሲታይ በሣሩ መካከል አረንጓዴ ክር የሚሳብ ይመስላል። ብርሃኑ እስከሚያልቅበት ድረስ ወደ ውስጥ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ማሰሮዎቹ አሉ። ብቻዬን ለመግባት አላሰብኩም አልልም፤ ግን የሰው ቤት ነው የመሰለኝ፣ ሳይጋበዙ የማይገባበት።

ስመለስ ከባሕሩ በኩል ደመና ተቆልሏል። ገበሬው ከአንዱ ቤት ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ አየሁ፤ ከዚያም ወጥተው ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ባለቤታቸው በቆሎ እየፈጩ ነበር። ባላቸው ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው።

«ሰው» አሉ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። «ብቻ አይገባም። ሁለት ሰው። ሁሉም ዘርቷል፣ ሁሉም እርሻ ነው፣ ወንድሙ እግሩ ታሟል።» ወደ ደመናው በአገጫቸው አመለከቱ። «ካልገባ አይዘራም።»

ውለታ ሊውሉልኝ የጋበዙኝ ነበር የመሰለኝ። ሰውዬው ግን የጋበዙኝ አልነበረም፣ እርዳኝ ያሉኝ ነበር። ችግራቸውን ነግረው ሰው ሲጠይቁ «አይቸገሩ» ብዬ መልሼላቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ዝናቡ ከዘሩ ከቀደመ የዓመቱ በቆሎ ሊጠፋ ነው።

ገበሬው ሲመለሱ ጠብቄ ከበሩ ላይ ያዝኳቸው። እምቢ ያልኩትን ነገር ራሴ ተመልሼ መለመን፣ ይህን በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ጆሮዬ ይግል ነበር።

«ትናንት የጠየቁኝን… መግባት እፈልጋለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት አልፈልግም አልከኝ።»

«በእኛ አገር መጀመሪያ ሲጠየቁ እምቢ ይባላል።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም። «ጠያቂው ከልቡ መሆኑ እንዲታወቅ» አልኩ።

ቁጣ አላየሁባቸውም። «እኔ ደግሞ አመንኩህ» አሉ።

ከዚያ ሥርዓቱን ነገሩኝ። አብሮ የገባ ሰው በማግሥቱ አብሮ ይዘራል፤ የገበያው መኪና ደግሞ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል፣ ሌላው የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ገባኝ አልኩ። ሥራዬም አውሮፕላኔም በዓይኔ ላይ ዞረው አለፉ። የሚገባ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እህል መቅመስ የለበትም ሲሉ ሴትዮዋ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ሆነው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፣ አብረዋቸው ሊፈጩ የመጡት ጎረቤት ሴቶችም አፋቸውን ይዘው ሣቁ። ገበሬው ፊታቸውን ሳያፈቱ ተረጎሙልኝ።

«እሱማ ከመጣ ጀምሮ እየጾመ ነው ትላለች።»

ሻማዎች፣ በቅጠል የተጠቀለለ ነጭ የዛፍ ሙጫና በትንሽ ቅል የካካዎ መጠጥ ያዝን። የእኔ ሥራ ባትሪውን መያዝና ዝም ማለት ነበር። ከአፉ ስንገባ ውኃው እስከ ጉልበታችን ነው፤ ከዚያ እስከ ወገባችን፣ ከዚያ እስከ ደረቴ። ዋና አልችልም፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፤ ከኋላዬ ያለው ብርሃን እየጠበበ ሄዶ ሳንቲም አከለ፣ በመታጠፊያው ላይም ጠፋ። ጨለማ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ሠርቻለሁ። ያ ጨለማ ግን ግድግዳው የት እንዳለ የማውቀው ነው። እዚህ ባትሪውን ወደ ላይ ሳበራ ብርሃኑ ሄዶ ሄዶ ምንም ሳይነካ ይቀራል። የሌሊት ወፎች በላያችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ሳይሆን ነፋሳቸውን ነበር የምሰማው። የሚናገር አዳራሽ የመሰለኝ ድምፅ ከውስጥ ያለ ፏፏቴ ነበር፤ እያደገ መጥቶ ደረቴ ውስጥ ገባ።

ገበሬው ክንዴን ይዘው ወደ ግራ አወጡኝ። ከውኃው በላይ እንደ መደብ ያለ ሰፊ ድንጋይ አለ። ባትሪውን ቀስ ብዬ አነሣሁ።

ነበሩ። ሦስት ትልልቅ ማሰሮዎችና አንዲት ትንሽ፣ አንገቷ የተሰበረ። ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ከዘመን ብዛት ድንጋይ ሆኖ ከሥራቸው ፈስሷል፤ እግራቸውን ከመደቡ ጋር አንድ አድርጎታል፣ ማንም ሊያነሣቸው አይችልም። በአንደኛው ሆድ ላይ ነጥቦችና መስመሮች ነበሩ፤ ማንበብ የቻልኩት ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ምን እንደተቆጠረ አላውቅም። ወደ ትንሿ ጎንበስ አልኩ። ከከንፈሯ ሥር፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ ሠሪው ሲያነሣት የያዘበት የአውራ ጣት አሻራ አለ። የአሻራው መስመሮች አንድም ሳይጠፉ ይታያሉ፤ እንደ ጠባሳ ያለ ጭረት አቋርጧቸዋል። ጣቱ ተቆርጦ የዳነ ሰው ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ አልፏል፣ እኔ ደግሞ ፊቴን አስጠግቼ ጣቱ በየት በኩል እንደቆሰለ አያለሁ። ባትሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ሻማ አበሩ፣ ሙጫውን አቃጠሉ፣ ካካዎውን ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ጸሎት ስጠብቅ ወሬ ነበር የመሰለኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ጎረቤት ቤት ገብቶ ጉዳዩን እንደሚያስረዳ ሰው፣ እያቆሙ፣ መልስ የሚያዳምጡ እየመሰሉ ተናገሩ። አንዳች ቃል አልገባኝም። ፏፏቴው ያን ሁሉ ድምፅ እያሰማ እያንዳንዷ ቃል ትሰማኝ ነበር።

ስንወጣ ቀን ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሸሚዛቸውን ጨመቁ። ፊታቸው ከጠዋቱ ፊት ሌላ ነበር፣ ከትከሻው ጆንያ እንደወረደለት ሰው። ስለ እኔ ለተራራው ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው፤ ሲናገሩ በእጃቸው ወደ እኔ ሲያመለክቱ አይቼ ነበርና።

«ስምህን ነገርኩት» አሉ። «ከሩቅ እንደመጣህና መብራቱን እንደያዝክ። ማን እንደገባ ማወቅ አለበት።»

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ መንደሩ ሁሉ ለደቦ ወጣ። ለእኔም ጫፉ የሾለ እንጨትና በትከሻ የሚንጠለጠል የዘር ከረጢት ተሰጠኝ። ተቃጥሎ የጠቆረውን ኮረብታ በመስመር ሆነን ሽቅብ ወጣን፤ እንጨቱን መውጋት፣ ፍሬ ጣል ማድረግ፣ መራመድ ነው። መለኪያ የያዘ ሰው አልነበረም፣ ግን ጉድጓዶቹ ሁሉ እኩል ይራራቃሉ። የእኔ ብቻ ይጠልቁ ነበር። ከአጠገቤ ያለው ሰው ቆም ብሎ ጉድጓዴን ጎንበስ ብሎ አየና ለበቆሎ ነው ወይስ ለአማትህ ነው የምትቆፍረው አለኝ፤ ሣቁ በመስመሩ ላይ እየተላለፈ እስከ ጫፍ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልኩን ያዝኩ።

ረፋድ ላይ ከአናቱ ደርሰን እንጨታችንን ተደገፍን። ደመናው ባሕሩን ሸፍኖ ወደ እኛ እየመጣ ነበር፣ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነፋስም ደረሰን። ገበሬው ባዶ ከረጢታቸውን ገልብጠው አራገፉና ወደ ታች ተመለከቱ፤ እኔም ተመለከትኩ። ከግርጌ እስከ አናት በወጣንበት ዳገት ላይ አንድ ፍሬ እንኳ አይታይም። ያን ያህል ሰው አልፎበት ኮረብታው ያልተነካ ይመስል ነበር።